ሦስት ፕሮፎርማ ለአንድ ጣሪያ

እሑድ

ዝናቡ ዘንድሮ ቸኮለ። ገና ሳምንታት ይቀሩታል ስንል ትናንት ማታ ሳያስጠነቅቅ መጣ። ሳፋ፣ ባልዲ፣ ድስት፣ የልጃችን የሕፃንነት መታጠቢያ ሳይቀር አሰልፈን አደርን። ልጅቷ ሥራ ይዛ፣ ቤት ተከራይታ ከወጣች ቆይታለች፤ መታጠቢያዋ ግን ለዚህ ቀን ተቀምጦ ኖሯል። ሳሎኑ አንድ ቦታ ብቻ ያንጠባጥባል። መኝታ ቤታችን ለጊዜው ደኅና ነው። የባለቤቴ የስፌት ክፍል ግን ወንፊት ሆኗል። የስፌት መኪናዋን በላስቲክ ጠቅልላ፣ የደንበኞቿን ጨርቅ አልጋችን ላይ ከምራ፣ እኔ ከክምሩ ጥግ እንደ እቃ ተኛሁ።

ጠዋት ሻይ እየቀዳችልኝ፣ ምንም ሳትቆጣ፣ "ይህን ክረምት እዚህ ጣሪያ ሥር አልከርምም" አለችኝ።

"ዛቻ መሆኑ ነው?"

"ዛቻስ ዓምና ነበር። ካቻምና ልመና ነበር። ዘንድሮ እየነገርኩህ ነው።"

ሰው እንቅልፍ ሲያጣ ብዙ ይናገራል። ሻዬን ጠጣሁ።

በነገሩ ግን ተስማምተናል፤ ጣሪያው መቀየር አለበት። የሚያጨቃጭቀን አካሄዱ ነው። እሷ "አንድ ሰው ጥራና ይሥራው" ትላለች፤ የተቀደደ ሱሪ ይመስል። እኔ ደግሞ ዕድሜዬን ሙሉ የግዢ ክፍል ሠራተኛ ነኝ። በእጄ ያለፈ ወንበር፣ ወረቀት፣ አምፖል ሁሉ ሦስት ፕሮፎርማ ተሰብስቦለት፣ ተወዳድሮ ነው የተገዛው። ለመሥሪያ ቤት አምፖል ሦስት ቦታ የጠየቅኩ ሰው ለገዛ ቤቴ ጣሪያ የአንድ ሰው አፍ ልመን? ኧረ አላደርገውም! መጀመሪያ ዋጋው ይግባኝ።

ማክሰኞ፣ ከሥራ በፊት

በጥድፊያ ነው። ጎረቤታችን ጡረተኛው ሹፌር የራሳቸውን ጣሪያ የሠራላቸውን ሰው ዛሬ ከሰዓት ይልኩልኛል። "ሥራው ደህና ነው፣ ቀጠሮ ግን አይሆንለትም" አሉኝ። ጥሩ ምስክርነት! ባለቤቴ አሮጌ አንሶላ ለወለል መወልወያ እየቀደደች ነው። ቁርስ የለም። አልጠየቅኩም።

ማክሰኞ ማታ

ከሰዓት የተባለው ሲመሽ መጣ። ስሙን ነግሮኝ ነበር፣ እኔ ግን ቁመቱን አይቼ ቀውላላው ብዬ ይዤዋለሁ። የጣሪያ ሠራተኛ ሆኖ መሰላል ረስቶ መጣ! የጎረቤቴን ተውሰንለት ወጣ። ከላይ ሲራመድ ቤቱ በሙሉ ተንቋቋ፣ ከዚያ አንድ ቦታ እግሩ ገባ። "ይሄ ድሮም የበሰበሰ ነው ጋሼ፣ እኔ አይደለሁም" አለ ከላይ ሆኖ፣ ማንም ምንም ሳይለው።

ወርዶ እጁን ሱሪው ላይ ጠረገና አንድ ቁጥር ጠራ። የዓመት ደሞዜን ሊያህል ትንሽ ነው የቀረው።

"በምን ተሰልቶ?"

"በጅምላ ነዋ። ቆርቆሮው፣ እንጨቱ፣ ምስማሩ፣ ጉልበቱ፣ ሁሉም።"

"ዘርዝረህ ጻፍልኝ።"

"ጋሼ፣ ቤት ልንከድን ነው ወይስ ፈተና ልንፈተን?"

ባለቤቴ ከስፌት ክፍሏ ሆና ሳቀች። ስትስቅ ከሰማኋት ቆይቻለሁ። በእኔ ላይ ባይሆን ደስ ይለኝ ነበር።

በስንት ጭቅጭቅ ካርቶን ቀድዶ ጻፈልኝ። "ይሄ ዋጋ ግን ለአንድ ሳምንት ነው" አለ። "ቆርቆሮ እንደ ቲማቲም ሆኗል፤ በትናንት ዋጋ አይገኝም።"

ሲወጣ ባለቤቴ "ይሥራው" አለች።

"አንድ ዋጋ ዋጋ አይባልም።"

"ምን ይባላል ታዲያ?"

"አንድ ሰው የጠራው ቁጥር። ሦስት ሲሆን ነው የሚመዘነው።"

"እኔ ሳገባህ ሦስት አላወዳደርኩም" አለችና መብራቱን አጠፋችው።

ቀልዷ ነው። ድሮም ቀልድ ታውቃለች።

ዓርብ

ሁለተኛው ባለ ወርክሾፕ ነው። ቆርቆሮ ራሱ ይቆርጣል፣ ራሱ ይሸጣል፣ ሠራተኛም አለው። የእሱ ከቀውላላው ያንሳል። ደስ አለኝ። ከዚያ ቁጭ ብዬ ሳመሳክር ደስታዬ በነነ። ቀውላላው በቆርቆሮ ብዛት ቆጥሯል፤ ይኼኛው በካሬ ሜትር። ቀውላላው አሮጌውን ማንሳት ጨምሯል፤ ይኼኛው ስለ አሮጌው ትንፍሽ አላለም። ይኼኛው ውሃ የሚወርድበትን አሸንዳ ጨምሯል፤ ቀውላላው አሸንዳ የሚባል ነገር በዓለም ላይ መኖሩን የሰማም አይመስል።

ደግሞ አንዱ ቆርቆሮ በሌላው ላይ ሲደረብ የተደረበበት ክፍል ሁለት ጊዜ ይከፈልበታል። ለካ ሰው ቤቱን ሲከድን ከቤቱ የሚበልጥ ጣሪያ ነው የሚገዛው! ይህን ዛሬ ገባኝ። ከሥሩ ያለው እንጨትስ? "ሲገለጥ ይታያል" ይላሉ ሁለቱም። ሲገለጥ ይታያል! ሐኪም እንኳ ሆድ ከመቅደዱ በፊት አንድ ነገር ይላል።

የባለ ወርክሾፑ የመጨረሻ መስመር "ልዩ ልዩ" ይላል። ከጎኑ ከምስማሩም ከአሸንዳውም የሚበልጥ ቁጥር ተቀምጧል። ደወልኩለት።

"ልዩ ልዩ ምንድን ነው?"

"ልዩ ልዩ ነዋ።"

"እስቲ ምሳሌ ስጠኝ።"

"የተለያየ ነገር ነው ጋሼ።"

ሰው እንዴት የማያውቀውን ነገር ዋጋ ያውቃል?

ባለቤቴ እየሰፋች "ገባህ?" አለችኝ።

"አልገባኝም።"

"እኔ ግን ገብቶኛል።"

ስለ ልዩ ልዩው መስሎኝ ምን እንደገባት ጠየቅኳት። ፔዳሉን ረገጠችው።

ሰኞ

ዘነበ። ሦስተኛው እመጣለሁ ብሎ ቀረ።

ረቡዕ

ዘነበ። ሦስተኛው መጣ፤ ከረባት አድርጎ። የጣሪያ ሰው ከረባት አድርጎ ሲመጣ የከረባቱም ዋጋ ከእኔ እንደሚወጣ ገባኝ። ጣሪያው ላይ አልወጣም። ከመንገዱ ማዶ ቆሞ በስልኩ ፎቶ አነሳው፣ ጫማውን ከጭቃው አራገፈ፣ "ድርጅታችን ዝርዝሩን ይልክልዎታል" ብሎ ሄደ።

መቼ? እሱን ድርጅታቸው ያውቃል።

ባለቤቴ መስኮት ላይ ሆና አየችው። በነገራችን ላይ ሰሞኑን ምንም አትናገርም። እኔም ጭቅጭቁ ቀረልኝ ብያለሁ።

ዓርብ ማታ

የዛሬውን መጻፍ አልፈልግም ነበር።

አንዲት በሚቀጥለው ሳምንት የምትሞሸር ልጅ ቀሚሷን ባለቤቴ ጋ ታሰፋ ነበር። ነጭ ነው። ባለቤቴ ወገቧ እስኪቆረጥ ለፍታበታለች። ጥንቁቅ ናት እኮ፤ በሁለት ላስቲክ ሸፍና፣ ከሚያንጠባጥበው ቦታ አርቃ ግድግዳ ላይ ሰቅላው ነበር። ውሃው ግን በግድግዳው ውስጥ ለውስጥ ወርዶ በጀርባው ገባ። ጠዋት ላስቲኩን ስትገልጥ ቀሚሱ ከወገቡ እስከ ጫፉ የቆርቆሮ ዝገት ጠጥቷል።

አልጮኸችም። ብትጮህ እኔም እጮህ ነበር፣ ከዚያ እንታረቅ ነበር፤ የእኛ ቤት ደንቡ እንደዚያ ነው። እሷ ግን ቀሚሱን አውርዳ ጭኗ ላይ አድርጋ ቁጭ አለች። እኔ በሩ ላይ ቆሜ "ሳሙና ላምጣ?" አልኩ። ሳሙና!

ከሰዓት የሙሽራዋ እናት መጡ። "እንዲህ ያለ ቤት ውስጥ የሙሽራ ልብስ ይሰፋል?" አሉ፣ አንጋጠው ጣሪያውን እያዩ። ባለቤቴ "ጥፋቱ የእኔ ነው እትዬ፣ በሰዓቱ አደርስላታለሁ" አለቻቸው። የእኔ ነው አለች! ጥፋቱ የጣሪያው መሆኑን፣ ጣሪያውም ሦስተኛ ዋጋ እየተጠበቀለት መሆኑን ላስረዳቸው ብዬ ብቅ አልኩ። ባለቤቴ ቀና ብላ አየችኝ። ተመልሼ ገባሁ።

ጨርቁን በራሷ ገንዘብ ገዝታ እንደገና ቆርጣዋለች። አሁን መኪናዋ እየሄደ ነው። ቅድም ለልጃችን ስትደውል ሰምቻታለሁ፦ "የሚያመኝ ዝናቡ መሰለሽ? ዝናቡንስ ችዬው ኖሬያለሁ።"

ጉልበቷን ማለቷ መሆን አለበት። ነገ ቅባት እገዛላታለሁ።

ሰኞ

ስለ እንጨቱ አንድ ነገር ላጣራ ቀውላላው ጋ ደወልኩ።

"ጋሼ፣ ያ ዋጋ እኮ ሞቷል!"

"መቼ ሞተ?"

"ከተቀበረ ሰንብቷል።"

አዲስ ዋጋ ነገረኝ፤ ከድሮው በብዙ በለጠ። ባለ ወርክሾፑ ጋ ደወልኩ፤ የእሱም ሞቷል። የባለ ከረባቱ ገና አልተወለደም። አንዱ ሲሞት፣ አንዱ ሳይወለድ፣ ሦስቱን በአንድ ላይ በሕይወት ማግኘት አልቻልኩም። ወይ ጣጣ! ሰው በገዛ ገንዘቡ እንዲህ ይሰቃያል?

መሥሪያ ቤት ደግሞ ዛሬ የጠረጴዛ ግዢ አስቀርቼ አለቃዬ በሰው ፊት "እሱን እኮ ማንም አያታልለውም" አለ። ለባለቤቴ ነገርኳት።

"ማን ሊያታልልህ ሞክሮ ነው?" አለችኝ፣ መርፌ በአፏ ይዛ።

ቅዳሜ

ቀሚሱ ደርሶ ተወሰደ። ባለቤቴም የስፌት መኪናዋን ልጃችን ጋ ወሰደችው። ለጊዜው ነው። ልጃችን ፎቅ ቤት ውስጥ መሀል ላይ ስለምትኖር ከላይዋ ጎረቤት እንጂ ሰማይ የለም።

የጭነት መኪናውን የጠራሁት እኔ ነኝ። የመጀመሪያው ሹፌር የጠራው ዋጋ ዓይን ያወጣ ነበር፤ አባረርኩት። ሁለተኛውም ያው። ባለቤቴ እስከዚያ በር ላይ፣ በላስቲክ ከተጠቀለለው መኪናዋ አጠገብ፣ በካፊያው ቆማ ጠበቀች። ግቢ ብላት አልገባም አለች። ሦስተኛው ቀነሰልኝ፤ ጥሩ አድርጎ ነው የቀነሰልኝ።

"አየሽ?" አልኳት።

"አየሁ" አለች። ነጠላ ጫማዋን አራግፋ ከሹፌሩ ጎን ገባች። ለእኔ ቦታ አልነበረም።

ሐሙስ

ቤቱ ጸጥ ብሏል። መኪናው የለ፣ ሬዲዮዋ የለ። የጠብታው ድምፅ ብቻ ነው ያለው፣ እሱም በየሳፋው ላይ በየዜማው።

ሥራ ላይ ሳለሁ መጥታ ነበር። ምግብ ሠርታ፣ ሳፋዎቹን ደፍታ፣ ሸሚዞቼን ተኩሳ ሄዳለች። መቀሷን፣ ካውያዋን፣ ወፍራሙን ብርድ ልብስ ወስዳለች። ልጃችን ደሞዝተኛ ሆና ብርድ ልብስ የላትም ማለት ነው? ባለቤቴ ከግድግዳው የእናቷን ፎቶግራፍም ወስዳለች፣ እርጥበቱ እንዳያበላሸው። የሠርጋችን ፎቶግራፍ እዚያው አለ፤ ጠርዙን ሻጋታ ጀምሮታል። አላየችው ይሆናል።

ጡረተኛው ሹፌር በአጥሩ ላይ አንገታቸውን ብቅ አድርገው "ባለቤትህ ጠፋችሳ" አሉኝ።

"ሥራ በዝቶባት ልጃችን ጋ ሰንብታለች።"

"እህ። የእኔም ሥራ በዝቶባት ነበር" አሉና ገቡ።

ሚስታቸውን አይቻት አላውቅም። እዚህ ሠፈር ሲገቡ ብቻቸውን ነበሩ። ሽማግሌ ሲባል ነገረኛ ነው።

ማክሰኞ

መጣ! ሦስተኛው መጣ! ባለ ከረባቱ በሁለት ገጽ ላከልኝ፤ ቤተ መንግሥት የሚከድን ይመስላል። ይሁን፣ ሦስተኛ ነው። ሌሎቹን ሁለቱን ምሳ ሰዓት ላይ በስልክ አሳደስኳቸው። አሁን ሦስቱም በአንድ ቀን፣ በአንድ ጠረጴዛ ላይ፣ በሕይወት አሉ። አሸናፊው ቀውላላው ነው፤ መጀመሪያ ከጠራው ግን በብዙ በልጦ።

ለባለቤቴ ደወልኩ። "ሦስተኛው ደረሰ!"

"እንኳን ደስ ያለህ" አለችኝ። ደንበኛ ይዛ ስለነበር ዘጋችው።

ከዚያ ቀውላላው ጋ። "ጀምር" አልኩት፤ በኩራት።

"አሁን? ጋሼ፣ ሰማዩን አይተውታል? በዚህ ዶፍ ጣሪያ ገልጬ አልጋዎ ላይ ሐይቅ ልሥራልዎ? ፋታ ሲሰጠን ይደውሉልኝ።"

ባለ ወርክሾፑም ያንኑ አለ። ባለ ከረባቱ ስልክ አያነሳም።

ይህን ሁሉ ለጡረተኛው ሹፌር መናገር አልነበረብኝም። "ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ" አሉኝ።

"የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ሲባል አልሰሙም?"

"ሰምቻለሁ። የዘገየችስ ምን ለቀመች?"

ሳፋዎቹን ልደፋ ገባሁ።

እሑድ፣ ሲነጋጋ

መኝታ ቤቱ ደኅና ነው ብዬ ነበር። ኮርኒሱ ወረደ። ከነጭቃው፣ ከነአይጥ ጎጆው፣ አልጋው ላይ፣ በእሷ በኩል። እኔ በበኩሌ ጥግ ይዤ ስለተኛሁ ተረፍኩ። ከሄደች ወዲህም ወደ መሀል አልመጣሁም፤ ልማድ ነው።

እንደነጋ ደወልኩላት።

"ኮርኒሱ ወረደ። በአንቺ በኩል ነው። እንኳን አልኖርሽ።"

"አንተን ነካህ?" አለችኝ።

"አልነካኝም።"

"እሺ።"

አልዘጋችውም። እኔም አልዘጋሁትም። ዋጋ ዋጋው ነው አፌ ላይ የሚመጣው። "ባልዲው ሞልቷል፣ ድምፁ ያስታውቃል፤ ሂድ ድፋው" አለችኝ።

እውነትም ሞልቶ ነበር።

ቅዳሜ ማታ

ልጃችን ቤት ሄድኩ። ቅባቱን ይዤ፤ የዛን ጊዜውን ሳልሰጣት ኪሴ ውስጥ ሰንብቶ ነበር። ገብቼ ባይ የስፌት መኪናው የለም። የተሸጠ መሰለኝ።

"አባዬ፣ እማዬ አልነገረችህም እንዴ?" አለች ልጄ።

"ምኑን?"

ልጄ ዓይኗን ሰበረች። እኔን ስታፍርብኝ ዓይኗን የምትሰብረው እንደ እናቷ ነው። "ታች ወርደህ ጥግ ላይ ያለውን በር አንኳኳ" አለችኝ።

ጥግ ላይ ያለው በር መንገድ ዳር የወጣች የአንዲት ክፍል በር ነው። በሩ ላይ "ልብስ ስፌት" ይላል፣ በባለቤቴ እጅ ጽሑፍ። መኪናዋ መስኮቱ ሥር ተቀምጧል። ጨርቁ በመደርደሪያ፣ ክሩ በየቀለሙ። ከመጋረጃው ኋላ የታጠፈ ፍራሽ፣ በላዩ የእኛ ወፍራም ብርድ ልብስ፣ ከራስጌው የእናቷ ፎቶግራፍ። ሁሉም ቦታ ቦታውን ይዟል። ግድግዳው ደረቅ ነው፤ በእጄ ዳስሼዋለሁ።

"ኪራዩ ስንት ነው?" አልኳት፣ በሩን የከፈተችልኝን ባለቤቴን።

ነገረችኝ። "ይኼ እኮ ዝርፊያ ነው! ሌላ ቦታ ጠይቀሻል? ቢያንስ ሁለት ቦታ?"

"አልጠየቅኩም።"

"ታዲያ በምን አወቅሽ?"

"ደረቅ ነው ወይ ብዬ ብቻ ጠየቅኩ። ደረቅ ነው አሉኝ። ከፈልኩ።"

እንዲህ ነው ሰው የሚበላው! ልላት ነበር፤ ተውኩት። መቼ እንደምትመለስ ልጠይቃት ፈለግሁ፤ ከአፌ የወጣው ግን ውሉ ለስንት ጊዜ እንደሆነ ነው።

"ለዓመት" አለችኝ። ቅባቱን ተቀብላኝ ሽታውን አሸተተችና "ለምንድን ነው?" አለች።

"ለጉልበትሽ።"

"ጉልበቴን አሞኝ አያውቅም እኮ" አለችኝ። በለሆሳስ ነው ያለችው፤ እኔን እንዳይከፋኝ።

ወደ ቤት ስመለስ ካፊያ ነበር። ዣንጥላዬን ይዤ ሳልዘረጋው ደረስኩ። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው ይላሉ፤ እኔ እንኳን አልሳቅኩም፣ ዋጋ ሳወዳድር ነው የወሰደኝ። ፈርቻለሁ። እዚህ ደብተር ላይ ካልጻፍኩት የት ልጽፈው ነው? ፈርቻለሁ።

ሰኞ

ከትናንት ጀምሮ ፀሐይ ነው። የጎረቤቴ ሬዲዮ ፋታ ይሰጣል ብሏል። መሥሪያ ቤት አልገባሁም። ቀውላላውን ስልክ አላምነውም ብዬ ቤቱ ድረስ ሄድኩ። ጥርሱን እየፋቀ ወጣ።

"ዛሬ ጀምር።"

"ዋጋውን ግን ጋሼ፣ እንደገና…"

"ዋጋውን አልጠየቅኩህም። ደረቅ ይሆናል?"

መፋቂያውን ከአፉ አወጣ። "አመመዎት እንዴ?"

"ደረቅ ይሆናል ወይ ነው ያልኩህ!"

"ጠብ ካለ ከነመሰላሌ ያባርሩኝ።"

"መሰላል ገዛህ እንዴ?"

"አልገዛሁም" አለ።

ረቡዕ

ገለጡት። የስፌት ክፍሏ መሀል ቆሜ ሰማይ አየሁ። ዕድሜዬን የኖርኩበት ቤት ያለ ጣሪያ ሲታይ እንዴት ያለ ትንሽ ነገር ነው! ወለሉ ስንጥቅ ውስጥ የእሷ ቁልፎችና መርፌዎች ያብለጨልጫሉ። ለቅሜ በሻይ ብርጭቆ አጠራቀምኳቸው።

እንጨቱ እንደተፈራው ነው። ግማሹ በጣት ሲነካ ይፈረፈራል። ቀውላላው እያንዳንዱን ሊያሳየኝ መሰላሉ ላይ ይጠራኛል፤ እኔ "ቀይረው" እላለሁ። ከጎረቤቴ የተዋስነው መሰላልም ተሰበረ፤ አዲስ ገዛሁላቸው። የመኝታ ቤቱ ኮርኒስ፣ የስፌት ክፍሏ ቀለም፣ የዛገው የመስኮት ፍሬም። ለካ ልዩ ልዩ ይኼ ነው። ባለ ወርክሾፑን ይቅርታ ልጠይቀው ይገባል፤ አልጠይቀውም እንጂ።

እሑድ

ተከደነ። ቀውላላው አንድ መዶሻ ጣሪያው ላይ ረስቶ ወርዶ፣ ተመልሶ ወጥቶ፣ ጨርሶ ሄደ። ያለኝን እየሰጠሁት ነው የጨረሰው።

ደወልኩላት። "አልቋል። ነይና እዪው።"

"ቅዳሜ እመጣለሁ። መስታወቴንም እወስዳለሁ" አለችኝ። ደንበኞቿ ልብስ ሲለኩ የሚያዩበት፣ ቁመተ ረጅሙ መስታወት ነው። እዚህ የቀረው የእሷ ዕቃ እሱ ብቻ ነው።

ቅዳሜ፣ በጥድፊያ

ወጥ ቤት ቆሜ ነው የምጽፈው።

ከሰዓት መጣች። ከግቢው በር ላይ ሆና፣ እጇን ግንባሯ ላይ ጋርዳ ጣሪያውን አየችው። "ጥሩ ሆኗል" አለች። ከልቧ ነው። የስፌት ክፍሏ ገብታ ግድግዳውን በመዳፏ ዳሰሰችው። መስኮቱ ላይ ያስቀመጥኩትን የቁልፍና የመርፌ ብርጭቆ አንስታ አየችው፤ ቦታው መለሰችው።

"ስንት ፈጀ?"

"አልደመርኩትም" አልኳት።

"አንተ?"

"እኔ።"

አየችኝ፣ አየችኝ፣ ከዚያ ሳቀች። ያ የድሮ ሳቋ ነው፣ ትከሻዋን የሚያንቀጠቅጣት። በእኔ ላይ ነው፤ ይሁን። ሳሎን ስናልፍ የሠርጋችንን ፎቶግራፍ አወረደችው። ወሰደችው ብዬ ሳዝን በሻርፗ ጫፍ ሻጋታውን ጠረገችና መልሳ ሰቀለችው፤ ጠምሞ የኖረውንም አቀናችው።

መስታወቱን አንድ ጫፍ እሷ፣ አንድ ጫፍ እኔ ይዘን በሩ ላይ ስንደርስ ዝናቡ ወረደ። እንደዚያ የመጀመሪያው ቀን፣ ሳያስጠነቅቅ፣ በአንዴ። ሁለታችንም ባለንበት ቆመን አንጋጠጥን። መስታወቱን እንደያዝን ጠብታ ጠበቅን። አዲሱ ቆርቆሮ ይደበድባል፣ ቤቱ በሙሉ ይጮኻል፣ ጠብ የሚል ነገር ግን የለም።

"መስታወቱ ይረጥብብኛል" አለች። ወደ ውስጥ መልሰን ግድግዳው ላይ አስደገፍነው። "እስኪያባራ ልቀመጥ። ሻይ አለህ?"

አለኝ። እሱን ላፈላ ነው የመጣሁት። እሷ ስፌት ክፍሏ ውስጥ፣ መኪናዋ በነበረበት ቦታ፣ ባዶው ወንበር ላይ ተቀምጣለች፤ ከዚህ ትታየኛለች። ክረምቱን ሙሉ ይህን ዝናብ ስረግም ከረምኩ። አምላኬ፣ የተናገርኩትን ሁሉ እርሳልኝ፣ ዛሬን አታቁመው።

ሻዩ ፈልቷል። አሁንም እየዘነበ ነው።